የበደልነው ሰው ስም አለው

በጁባ፣ በአማራት ሰፈር የሚኖረው ወገናችን ስለ ንስሐ ሲጠየቅ የሚመልሰው ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «አገር ስገባ»። ሆቴል የሚያስተዳድረው ይለዋል፣ የውሃ ቦቴ የሚነዳው ይለዋል፣ ሌሊቱን ቆማ ስታስተናግድ የምታነጋው እህታችንም ትለዋለች። ሃይማኖቱን የዘነጋ ሰው ቃል አይደለም። ይህን የሚሉት በዓል የሚያከብሩ፣ ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙ፣ እሑድ ጠዋት ነጠላ አጣፍተው ወይም መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው የሚወጡ ሰዎች ናቸው። እምነታቸው፣ እዚህ የተሠራው ሁሉ የስደት ነው፤ ስደቱ ሲያልቅ ከነፍስ አባት ጋር ቁጭ ተብሎ ይዘጋል፤ እስከዚያ እግዚአብሔር ያውቃል የሚል ነው።

ይህን እምነት እቃወማለሁ። ከመቃወሜ በፊት ግን ከነጉልበቱ ላስቀምጠው፤ የሚያምኑበት ሰዎች የማከብራቸው ናቸውና። ኃጢአት በሰውና በአምላኩ መካከል ያለ ጉዳይ ነው ይላሉ፤ ልብን የሚመረምር አምላክ ቃል አያስፈልገውም። የስደተኛ ሀብቱ ስሙ ብቻ ነው፤ በሰው አገር ገመናውን ከገለጠ የሚቆምበት አይኖረውም። ደግሞስ ለማን ይናዘዛል? ከልጅነት ጀምሮ የሚያውቁት ካህን ከድንበር ማዶ ነው። እዚህ ያለው ሁሉ ይተዋወቃል፤ ዛሬ የተነገረ ነገ በየቡናው ይዞራል። ስለዚህ ለብቻ አልቅሶ፣ ምጽዋት ሰጥቶ፣ «በማወቅም ባለማወቅም የበደልኩትን ይቅር በለኝ» ብሎ መተኛት ይሻላል። በወንጌላውያኑ ዘንድ መልኩ ይለወጣል እንጂ ነገሩ ያው ነው፦ በደሙ ታጥቤያለሁ፣ ያለፈው አልፏል፣ የቆየውን መቀስቀስ የከሳሹን ድምፅ መስማት ነው ይባላል።

እኔ ደግሞ እላለሁ፦ የሠራነውን በስሙ ካልጠራነው፣ የበደልነውን ሰው በስሙ ካልጠራነው፣ የወሰድነውን ለመመለስ እጃችንን ካልዘረጋን ገና ንስሐ አልጀመርንም። አዝነን ይሆናል፣ አልቅሰንም ይሆናል። ያ ኀዘን ግን የበደልነው ሰው ቤት አልደረሰም።

«በማወቅም ባለማወቅም» የምትለው ጸሎት ትሑት ጸሎት ናት። ሰው ያላወቀው ጥፋት አለበት፤ ለእርሱ የተገባች ናት። እኛ ግን የምናውቀውን ካላወቅነው ጋር ደባልቀን የምናሳልፍባት መንገድ አደረግናት። የጎረቤቱን ገንዘብ የበላ ሰው መብላቱን ያውቃል፤ ስንት እንደበላ፣ በየትኛው ወር እንደበላ ያውቃል። በጾም መያዣ ሰሞን «ይቅር ለእግዚአብሔር» እየተባባለ ሲሳሳም ያቺኑ ቃል ለተበዳዩም ይላታል። ተበዳዩም በይሉኝታ «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» ብሎ ይመልሳል። አንዱ ዕዳው እንደተሰረዘ ቆጥሮ ይሄዳል፤ ሌላው ዕዳው እንዳለ ይዞ ይቀራል፤ ሁለቱም በአንድ ማኅበር ጽዋ ይጠጣሉ። ይህ በየዓመቱ ይደገማል።

«በድያለሁ» ማለት ብቻውን የማንንም ሕይወት እንደማይለውጥ መጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ ያሳየናል። ፈርዖን ብሎታል፤ በረዶው ሲወርድበት አለ፣ በረዶው ሲቆም ልቡን መልሶ አደነደነ። ሳኦልም ብሎታል። የሳኦል ነገር በተለይ ለእኛ የተጻፈ ይመስለኛል። ከአማሌቅ ጦርነት የተመረጠውን ከብት አስቀርቶ ሳሙኤል ሲመጣ ትእዛዙን ፈጽሜአለሁ አለ። የበጎቹ ድምፅ ሲያጋልጠው ጥፋቱን ወደ ሕዝቡ ወረወረው። ሲጠብቅበት ጊዜ መበደሉን አመነ፤ ግን ሕዝቡን ፈርቼ ነው ሲል ጨመረ። መጨረሻ ላይ የለመነው ልመና ልቡን ገለጠው፦ በሕዝቤ ሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ አለው። ኃጢአቱን ያመነበት አፍ ሳይዘጋ ክብሩን ጠየቀበት። «ስደት ነው ያደረገኝ» የሚል ሰው በዚህ በሳኦል መንገድ ላይ ነው። የሰፈሩን ሰው ፈርቼ፣ ኑሮው አስገድዶኝ፣ ሁሉም ስለሚያደርገው፣ ከዚያም እባክህ ማኅበሩ ፊት አታዋርደኝ።

ለሰው መናዘዝን የሚቃወሙ ሰዎች የሚጠቅሱልን ዳዊትን ነው። በመዝሙር 50 ላይ ዳዊት የበደለው እግዚአብሔርን ብቻ እንደሆነ ተናግሯል፤ እኛስ ለምን ለሰው እንናገራለን ይላሉ። እንዲህ የሚል ሰው የመዝሙሩን ርእስ ያንብብ። ርእሱ ነቢዩ ናታንን በስሙ ይጠራል፤ የቤርሳቤህንም ነገር ያነሣል። አንድ ንጉሥ የሰው ሚስት መውሰዱን የሚናገር መዝሙር ለመዘምራን አለቃ ተሰጥቶ በሕዝብ ፊት ተዘመረ፤ ሦስት ሺህ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ዛሬም ካህናቱ በየዕለቱ ይደግሙታል። ከዚህ በላይ አደባባይ የወጣ ኑዛዜ በዓለም ላይ አላውቅም። ዳዊት ለእግዚአብሔር ብቻ ማለቱ ሰውን አልበደልኩም ማለቱ አልነበረም። የቤርሳቤህ ባል ኦርዮ በሞተበት ደብዳቤ ላይ የእጁ ጽሕፈት ነበረበት፤ ይህን ናታን ፊት ለፊት ሲነግረው ዳዊት ምክንያት አላቀረበም፣ ሕዝቡን አልወቀሰም፣ ሽማግሌዎች ፊት አክብረኝ አላለም።

የራሳችን የሆነውን ሙሴ ጸሊምን ደግሞ እናስብ። ስንክሳሩ ሰኔ 24 ቀን ያስበዋል። ሽፍታ ነበር፤ ገድሏል፣ ቀምቷል፣ ዘሙቷል። ወደ አስቄጥስ በረሃ ወደ አባቶች መጥቶ ሲናዘዝ አባ መቃርስ ያየው ራእይ ተጽፎለታል፦ ጽሕፈት የሞላበት ጥቁር ሰሌዳ ነበረ፤ ሙሴ አንዱን የቆየ ኃጢአት በተናገረ ቁጥር መልአክ ያንን ይፍቅ ነበር፤ ኑዛዜው ሲያልቅ ሰሌዳው በሙሉ ነጭ ሆነ። ሰሌዳው በአንድ ጊዜ አልጠፋም። የጠፋው የተነገረው ነው፣ በተነገረበት ቅደም ተከተል። ይህ ታሪክ በየቤታችን ግድግዳ በሰቀልነው የቅዱሳን ሥዕል መካከል ቦታ ይገባው ነበር፤ ምክንያቱም «በጠቅላላው ይቅር በለኝ» የሚለውን ልማዳችንን ከሥሩ ይነቅለዋል። ያ ሽፍታ «ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን» ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። እውነትም ነው፤ ሁላችንም ኃጢአተኞች ነን። ቃሉ እውነት መሆኑ ነው ጥሩ መደበቂያ ያደረገው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። በ12ኛው ምእተ ዓመት በግብፅ ቤተ ክርስቲያን ልክ ይኸው ነገር ተነሥቶ ነበር። ለካህን መናዘዝ እየቀረ፣ ሰው ዕጣን ሲያርግ ከጭሱ ጋር ኃጢአቱን በልቡ ለእግዚአብሔር እያቀረበ የሚሄድበት ልማድ ሰፍኖ ነበር። ማርቆስ ኢብን አል-ቁንባር የሚባል ካህን ተነሥቶ ያለ ካህን ኑዛዜ የለም ብሎ አስተማረ፤ ብዙ ሰውም ተከተለው። የደሚያጡ ጳጳስ ሚካኤል የዕጣኑን ልማድ ደግፎ ጻፈበት፤ በፓትርያርክ ማርቆስ 3ኛ ዘመን ካህኑ ማርቆስ ተወገዘ፤ በመጨረሻም ወደ መልካውያን ቤተ ክርስቲያን ሄደ። የሰውየው ጠባይና የኋላ መንገዱ ብዙ የሚያከራክር ነው፤ እርሱን ቅዱስ ላድርግላችሁ አልልም። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያኒቱ በኋላ የተመለሰችው እርሱ ወደተከራከረለት ነው፤ ዛሬ ግብፃዊ ኦርቶዶክስ ያለ ንስሐ አባት ይቆርባል ብሎ የሚያስብ የለም። እስከ ሃያኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ድረስ ጳጳስዋን ከእስክንድርያ ስታስመጣ ለኖረች ቤተ ክርስቲያን ልጆች ይህ የጎረቤት ወሬ ሊሆን አይገባም። ጭሱ ምንም አይጠይቅም። ካህኑ ግን «የማን ገንዘብ ነው ልጄ? መቼ ትመልሳለህ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጭሱ የተወደደው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አማራት ልመለስ፤ ነገሩ የሚታየው በሰው ላይ ሲቀመጥ ነው። እንበል አንድ ሰው የእቁብ ሰብሳቢ ነበር። ዕጣው ለአንዲት አስተናጋጅ በወጣ ሳምንት ገንዘቡ በሰውየው ንግድ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ዶላር ተወደደ፣ ዕቃው መንገድ ላይ ቀረ፣ በሚቀጥለው ወር በሚቀጥለው ወር እያለ ዓመት አለፈ። ልጅቷ ገንዘቡን ለእናቷ ሕክምና ልትልክ ነበር። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፤ ያለቅሳል፣ ስለት ይሳላል፣ ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያም ይሰጣል። አንድ ቀን ካህን ሲያገኝ «አባ፣ በገንዘብ በኩል ጥፋት አለብኝ» ይላል። ካህኑም «ልጄ፣ 40 ስግደት ስገድ፣ ጹም፣ እግዚአብሔር ይፍታህ» ይሉታል። ሰውየው ቀሎት ይወጣል። ልጅቷ ግን ለእናቷ ምን ብላ እንደምትነግር አታውቅም።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የተዋሸ ነገር የለም። በገንዘብ በኩል ጥፋት ነበረበት፤ ተናገረው። ግን የእርሷ ስም አልተጠራም፣ ልኩ አልተጠራም፣ የሚመለስበት ቀን አልተጠራም። በኦሪት ዘኍልቁ ምዕራፍ 5 ላይ ሕጉ ግልጽ ነው፦ የበደለ ሰው ኃጢአቱን ይናዘዛል፣ ዋናውን ይመልሳል፣ አምስተኛ እጅ ይጨምርበታል፣ ይህንንም ለበደለው ሰው ይሰጣል። ኑዛዜውና ክፍያው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው የተጻፉት። ዘኬዎስም በሉቃስ 19 ጌታ ቤቱ ሲገባ ስለ ስሜቱ አላወራም፤ የሀብቱን ግማሽ ለድሆች፣ በሐሰት የወሰደውን 4 እጥፍ እንደሚመልስ ተናገረ፤ ጌታም መዳን ለዚህ ቤት ሆነለት ያለው ይህን ከሰማ በኋላ ነው። ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ መስጠት መልካም ነው፤ የልጅቷን ገንዘብ ግን የሚተካው ለልጅቷ የተመለሰ ገንዘብ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚከብድም አለ። እንበል አንድ ሰው ከአገር ቤት ልጅ አስመጣ፤ ለሒሳብ ሥራ ብሎ አስመጣት፤ ስትደርስ የቆመችው መጠጥ ቤት ነው፤ ፓስፖርቷም በእርሱ መሳቢያ ተቆለፈ። እኛ ያቺን ልጅ ስናገኛት ምን እንላታለን? ንስሐ ግቢ እንላታለን። ሥራዋን ጥለሽ ውጪ እንላታለን። አስመጪዋ ግን በኮሚቴ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ለበዓል በሬ ሲገዛ ትልቁን ድርሻ ያዋጣል፤ ስለ እርሱ ሲወራ «ለወገን አሳቢ» ይባላል። ንስሐን ወደ ልብ ውስጥ ብቻ የደበቀው ትምህርት ያመጣው ትልቁ ጥፋት ይህ ይመስለኛል። የደካማው ኃጢአት ስለሚታይ ስም አለው፤ የጉልበተኛው ኃጢአት በእርሱና በእግዚአብሔር መካከል ሆኖ ይቀራል። ልጅቷ የራሷ የሆነ የምትናዘዘው ይኖራታል፤ እንደ ማንኛችንም። የሌላውን ሰው በደል ግን እንደ ራሷ እንድትሸከም ማድረግ ሁለተኛ በደል ነው። የእርሱ ንስሐ የሚጀምረው መሳቢያውን ከፍቶ ፓስፖርቱን በእጇ ሲሰጥና የወራት ደመወዟን ሲቆጥርላት ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ በየቤቱ የሚያስጨንቅ ነው። ሚስቱን በአገር ቤት ትቶ እዚህ ሌላ ጎጆ የቀለሰ ሰው ለማን ይናዘዝ? ብዙዎች «ለሚስቱ መንገር ቤት ማፍረስ ነው» ይላሉ። ሁልጊዜ ቀላል መልስ የለውም፤ በየትኛው ሰዓት፣ በማን ፊት፣ በምን ቃል የሚለውን አስተዋይ የነፍስ አባት ወይም መጋቢ ይወስንበት። የቆየ፣ የተተወ፣ ሌላ ሰው የማይነካ ጥፋትን በሙሉ በሰው ትከሻ ላይ ማራገፍ ራስን ለማቅለል ሲባል ሌላውን ማክበድ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በሽታ ሊኖር በሚችልበት፣ ልጅ በተወለደበት፣ ጎጆው ዛሬም በቆመበት ሁኔታ ዝምታው የሚጠብቀው የሚስቱን ሰላም አይደለም። እርሷ ከማታውቀው አደጋ ጋር ለበዓል ሊገናኛት ነው። አካሏ የእርሷ ነው፤ ማወቅ ይገባታል። በአገራችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የሚደበቀው በሽታ የሚገድለው ያልደበቀችውን ነው።

«ስደት ነው» የሚለው ምክንያት ከባዶ አልተነሣም። ጁባ ያለ ሰው እንዴት እንደሚኖር እናውቃለን፤ በአገሩ ቢሆን የማይመርጠውን የመረጠ ብዙ ነው፤ ረኃብ፣ የቤት ኪራይ፣ የቤተሰብ «ላክልን» አለ። በእግዚአብሔር ሚዛን ይህ ሁሉ ይገባል ብዬ አምናለሁ። ሸክሙ ጥፋቱን ያብራራል፤ ገንዘቡ የተወሰደባት ግን እርሷም ስደተኛ ናት። የምንበድለው በአብዛኛው እርስ በርስ ነው። አንዱ ስደተኛ ሌላውን ስደተኛ በልቶ «ስደት ነው» ሲል የተበላው ምን ይበል?

ሌላው የሚነሣው የሐሜት ፍርሃት ነው፤ እርሱን አላቃልለውም። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ የተነገረ ምስጢር የሰው ሕይወት ያበላሻል። ግን የምጠይቀው አደባባይ ወጥቶ መጮህን አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ ይህ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በሩዋንዳ ጋሂኒ የተነሣው መነቃቃት ወደ ኡጋንዳ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ደቡብ ሱዳንም ሳይቀር ሲዘልቅ ምልክቱ ኃጢአትን በጉባኤ ፊት መናዘዝ ነበር። ሰዎች ከሆስፒታል የሰረቁትን ዕቃ ይዘው መጡ፣ ያልከፈሉትን ግብር ከፈሉ፣ ጥቁሩ ነጩን፣ ነጩም ጥቁሩን ይቅርታ ጠየቀ። ይህ የሚያኮራ ታሪክ ነው። ከዚያው ጋር በጉባኤ ፊት የዝሙትን ዝርዝር መተረክ፣ በራስ ኑዛዜ ውስጥ የሌላውን ስም መጎተት መጥቶ ወቀሳ አስከትሏል። ከዚያ መነቃቃት የምወስደው የተሰረቀው ዕቃ ወደ ባለቤቱ መመለሱን ነው፤ መድረኩን እተወዋለሁ። ኃጢአቱ በሁለት ሰው መካከል ከሆነ የሚያውቁት እነዚያ ሁለቱና ካህኑ ይበቃሉ። የማኅበር ገንዘብ ከሆነ ግን ማኅበሩ ሊሰማ ይገባዋል፤ የማኅበር ገንዘብ ጠፍቶ በምስጢር የሚታረቅ ሒሳብ የለም።

ካህንና መጋቢ ምስጢር ካወጣ ጥፋቱ የእርሱ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ታላቅ በደል አድርጋ ትቆጥረዋለች። የእርሱ ጥፋት የእኛን ዝምታ ትክክል አያደርገውም፤ የታመነ አባት መፈለግን ግን ግድ ያደርገዋል። እዚህ ላይ የይሁዳ ነገር ልቤን ይነካዋል። የይሁዳ ኑዛዜ ትክክለኛ ነበር፤ ንጹሕ ደም አሳልፌ ሰጥቻለሁ ሲል የሠራውን በስሙ ጠራ፣ 30 ብሩንም መለሰ። የተናዘዘላቸው ካህናት ግን ለእኛ ምን አገባን፣ ለራስህ እወቅ ብለው ፊታቸውን አዞሩበት። ብቻውን ወጥቶ ብቻውን ሞተ። ሊቀበለው የሚገባ ሰው በሩን የዘጋበት ኑዛዜ ምን እንደሚያደርግ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

ጸጋ ሁሉን ሸፍኗል ለሚሉት ወንድሞችና እህቶች አጭር ቃል አለኝ። ኃጢአታችንን ብንናዘዝ እርሱ የታመነ ነው የሚል ሐሳብ ያለበት የዮሐንስ መልእክት የተጻፈው ላላመኑ ሰዎች አይደለም፤ ጸሐፊው ራሱን ጨምሮ «እኛ» እያለ ነው የሚናገረው። ያዕቆብም እርስ በርሳችሁ ተናዘዙ ያለው ለጉባኤው ነው። በኤፌሶን ያመኑት ሰዎች ሥራቸውን እየተናገሩ መጡ፤ የአስማት መጽሐፎቻቸውን አቃጠሉ፤ ሉቃስ ዋጋውን ሳይቀር ቆጥሮ 50,000 ብር ብሎ ጽፎልናል። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ጸጋን የተቀበሉት እንዲህ ነበር፤ ዋጋው የሚታወቅ ነገር እየተቃጠለ።

ያለንበት አገር ራሱ በዚህ ጉዳይ ብዙ ይመሰክራል። እንግዳ ነኝ፤ በደቡብ ሱዳናውያን ነገር የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጡት ባለቤቶቹ ናቸው። የሆነውን ግን ማየት እችላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 የነጻነት ንቅናቄው ተከፍሎ በቦር ብዙ ሰላማዊ ሰው ተገደለ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 2011፣ አገሪቱ ነጻ በወጣች በሳምንታት ውስጥ፣ የተገነጠለው ክፍል መሪ የነበሩት ሪክ ማቻር እዚሁ ጁባ፣ የንቅናቄው መሪ በነበሩት በጆን ጋራንግ ባለቤት በርብቃ ኛንዴንግ ቤት ስለዚያ ግድያ እያለቀሱ ይቅርታ ጠየቁ። ትልቅ ነገር ነበር፤ በአፍሪካ ፖለቲካ እንዲህ ያለ እንባ ብዙ አላየንም። ነገር ግን ካሳ አልተከተለውም፣ እውነት አጣሪ አልተከተለውም፣ የሌሎቹም መሪዎች ኑዛዜ አልተከተለውም። በታኅሣሥ 2013 ጁባ ነደደች፤ በዚያ ሰሞን በከተማዋ ሰው በነገዱ እየተለየ ተገደለ። በኦሉሴጉን ኦባሳንጆ የተመራው የአፍሪካ ኅብረት አጣሪ ኮሚሽን ይህን መዝግቦታል። የ2015ቱም፣ አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የ2018ቱም የሰላም ስምምነት የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽንና ልዩ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ጽፈዋል፤ የፊርማው ቀለም ከደረቀ ዓመታት አልፈዋል፤ ፍርድ ቤቱ አልቆመም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በሚያዝያ 2019 ቫቲካን ላይ ተንበርክከው የመሪዎቹን እግር ሳሙ። ያልበደሉት ሰው ተንበረከኩ። ያ መሳም የማረከኝን ያህል፣ ከዚያ በኋላ ከተሳሙት ይጠበቅ የነበረው ቃል አለመምጣቱ ያሳዝነኛል።

ከዚህ ጎን ውንሊትን አስቀምጡ። በ1999 መጀመሪያ፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ የአዲሲቱ ሱዳን አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት በባሕር ኤል ጋዛል ውስጥ ውንሊት በምትባል መንደር የዲንካንና የኑዌርን አለቆች ሰበሰበ። ነጭ ወይፈን ታረደ። ከዚያ በኋላ ግን ወዲያው አልተቃቀፉም። አንዱ ወገን ተቀምጦ ሌላው ተናገረ፤ ከዚያ ተራው ተለወጠ። የተቃጠለው መንደር፣ የተነዳው ከብት፣ የተወሰዱት ሴቶችና ልጆች አንድ በአንድ ተጠሩ። ስምምነቱ የተወሰዱት ሰዎች ወደ ወገኖቻቸው እንዲመለሱ፣ ግጦሹና ውሃው ዳግም የጋራ እንዲሆን አዘዘ። በዚያ የታየው ሥራ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአማራ ምድር ደም ሲደርቅ ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ገድያለሁ ይላል፤ ካሳው ይቆረጣል፤ ሽማግሌ ዋስ ይጠራል። ለሥጋ ዕርቅ ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሕዝብ ለነፍስ ዕርቅ ሲሆን ለምን በአንድ «ይቅር ለእግዚአብሔር» እንረካለን?

ለዚህ ነው ቃሌን ወደ ካህናቶቻችንና መጋቢዎቻችን የማዞረው፤ በአማራትም፣ በሌላው የስደት ከተማም ላላችሁ። በእናንተ ፊት የሚቀመጠው ሰው በጠቅላላው ሲናገር በጠቅላላው አትልቀቁት። ልጄ፣ የማን ነው? ስንት ነው? ያ ሰው አሁን የት ነው ያለው? ብላችሁ ጠይቁ። ኮሚቴ ላይ የተቀመጠውንም፣ ቦዳ ቦዳ (የሞተር ታክሲ) የሚነዳውንም እኩል ጠይቁ። ምጽዋቱን ከመቀበላችሁ በፊት ዕዳውን ጠይቁ። በእውነት ተናግሮ ሲመጣ ደግሞ በሩን አትዝጉበት፣ ቃሉንም አታውጡበት፤ አብራችሁት ወደ በደለው ሰው ቤት ሂዱ። የወሰደውን የሚመልስበትን ቀን ሳይናገር ግን እግዚአብሔር ይፍታህ አትበሉት።